ከአፈሩ በፊት ሜትሩ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ለግቢያችን ለም አፈር ያዘዝኩት በዓይኔ ገምቼ ነበር። «አንድ ሙሉ ገልባጭ ይምጣልኝ» አልኩ። ግማሹ ተርፎ በር ላይ ተቆለለ። ማታ የጣለው ዝናብ ጠርጎ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ አወረደው። ጠዋት ከነአካፋዬ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ።

ስሌቱ ግን ቡና እስኪፈላ ያልቃል። የቦታውን ርዝመት፣ ስፋትና የሚፈልጉትን የአፈር ውፍረት በሜትር ለክተው ያባዙ። ለሣር 15 ሳንቲ ሜትር፣ ለጎመንና ለሰላጣ መደብ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ነው። 6 በ4 ሜትር ለሆነ የሣር ቦታ፣ 6 × 4 × 0.15 = 3.6 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። አፈር ውኃ ሲጠጣ ስለሚሟሽሽ ከመቶ 15 ያህል ይጨምሩበት፤ 4.1 ገደማ ይሆናል።

ሻጩ «አንድ ቢያጆ» ሲልዎ ደግሞ «ስንት ኪዩብ?» ብለው ይጠይቁ። መኪኖች እኩል አይጭኑም። ካሶኒው 4 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው፣ አፉ ድረስ ሲሞላ የሚይዘው 4 ሜትር ኪዩብ ነው። ሳይራገፍ ይለኩት።

አፈሩን ሲደለድሉ የቤቱን ግድግዳ አያስነኩት፤ እርጥበት ያስገባል። የዛፍ ግንድም አይቅበሩበት።

ዘንድሮ ሜትሩን የያዘችው ልጄ ናት፤ ያባዛችውም እሷ። አፈሩ በዚያው ቀን ተደልድሎ አለቀ፤ በር ላይ የቀረ የለም። ለጎረቤታችንም በዚህ ዓመት የወሰድነው ጎመን ነው።