ለመዋጥ መቸገር ሁሉ «ጨጓራ» አይደለም



መድኃኒት ቤት ውስጥ ዘወትር ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ «የጨጓራ መድኃኒት ስጪኝ» የሚለው ነው። «ምን ይሰማዎታል?» ስንል፣ «ምግብ ደረቴ ላይ ይቆምብኛል፤ ውኃ ካላወራረድኩበት አያልፍም» የሚል አለ። እንዲህ ላለው ሰው ኦሜፕራዞል ሸጦ መሸኘት ተገቢ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

የምግብ ቧንቧ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። እየተኮማተረ ምግቡን ወደ ታች ይገፋል፤ ከጨጓራ መግቢያ ላይ ያለው ክብ ጡንቻም ላልቶ ያሳልፈዋል። አካሌዥያ በተባለው ሕመም ግን ይህን ሥራ የሚመሩት በቧንቧው ግድግዳ ያሉ ነርቮች ይሞታሉ። ግፊቱ ይዳከማል፤ በሩም ሳይከፈት ይቀራል። የአሲድ መቀነሻ ደግሞ ይህን በር አይከፍትም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ጠጣሩም ፈሳሹም ለመዋጥ ያስቸግራል። ያልተፈጨ ምግብ በተለይ ሲተኙ ወደ አፍ ይመለሳል፤ ሌሊት ያስላል፤ ደረት ያማል፤ ሰውነት ይከሳል።

አካሌዥያ በዓመት ከ100,000 ሰዎች አንድ ያህሉን ብቻ የሚይዝ ነው። ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? የምግብ ቧንቧ ካንሰርም መዋጥ ስለሚከለክል ነው። ካንሰሩ በአብዛኛው መጀመሪያ ጠጣሩን፣ ቆይቶ ፈሳሹን ያግዳል። በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል። ሁለቱን በግምት መለየት አይቻልም፤ ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋል። ባርየም ተጠጥቶ በሚነሣ ራጅ ደግሞ የአካሌዥያ ቧንቧ ጫፉ እንደ ወፍ ምንቃር ሾሎ ይታያል።

«ምርመራው ውድ ነው፤ ሩቅ ነው» ይባላል። እውነት ነው። ሆኖም ለወራት የሚገዛው ኪኒንም ገንዘብ ነው፤ በመሐል የሚያልፈው ጊዜ ግን በገንዘብ አይመለስም። «ዓይን ነው» ብሎ ሩቅያ የሚያስቀራም ቢሆን ሐኪም ከማየት የሚከለክለው ነገር የለም።

አካሌዥያ መፍትሔ አለው። ጠባቡን ቦታ በፊኛ መለጠጥ ወይም ጡንቻውን በቀዶ ሕክምና መሰንጠቅ ይቻላል። ቀዶ ሕክምናውን ጀርመናዊው ሐኪም ኧርነስት ሄለር የጀመረው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። የሞቱት ነርቮች ባይመለሱም ምግብ ያልፋል።

በመሆኑም እኛ ባለሙያዎች ከመሸጣችን በፊት «ሲውጡ ይቸገራሉ?» ብለን እንጠይቅ። እናንተም ምግብ መቆም ከጀመረ ሌላ እሽግ ከመግዛት ይልቅ ወደ ሐኪም ሂዱ። እስከዚያው በደንብ አላምጡ፤ በልታችሁም ወዲያው አትተኙ።

አላህ ለሕመምተኞቻችን ሺፋውን ይለግሳቸው።