ቤት ለመሥራት ቤት አስይዝ!

አከራይ ስግብግብ ነው ይሉናል። ይሁን፣ ስግብግቡም አይጠፋም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርቼ ላከራይ የሚል ሰው ገንዘቡን ከየት ያምጣው? ይህን የሚጠይቅ ባለሥልጣን እስካሁን አላየንም።

እስቲ ባንክ ሂዱ! መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «መያዣህ የታል?» ነው። ቤት የሌለው ቤት እንዲኖረው ቤት ያስይዝ ማለት እኮ ነው ጎበዝ! መሬቱ እንደሆነ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለሊዝ ጨረታው ደግሞ ጥሬ ብር ይፈልጋል። በ2015 ነሐሴ ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር ዓመታዊ ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ አጠረው። ኋላ አጥሩ ቢላላም፣ ወረፋው መጀመሪያ ለማን እንደሚደርስ አንባቢ ያውቀዋል።

በ2005 «አንተ 40 ቆጥብ፣ 60ውን ንግድ ባንክ ያበድርሃል» ተብሎ የ40/60 ተመዝጋቢ ተሰለፈ። መቶ በመቶ ቆጥቦ ዓመታት የጠበቀውን ቁጠሩት! ሌላው ዕቁቡ ሲደርሰው መሠረት ያወጣል፣ ዱባይ ያለች እህቱ ስትልክለት ቆርቆሮ ያለብሳል።

አሁን ደግሞ የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መጣ። ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ይመዝገብ፣ ጭማሪውን መንግሥት ይወስን አለ። ለተከራዩ እፎይታ ነው፣ አንክድም። ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤቱ በአዋጅ 47 የተወረሰበት ሰው ልጅ ግን «አዋጅ» ሲባል ይደነግጣል፤ አይፈረድበትም።

ውሉ ከተመዘገበ፣ ግብሩ ከተከፈለ፣ የኪራዩ ገቢ በመንግሥት መዝገብ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ታዲያ ባንኩ ያንን ገቢ ለብድር መያዣ አልቀበልም የሚለው በየትኛው ምክንያት ነው?