ጤና ጣቢያ የግዞት አገር አይደለም

በግቢያችን የተለመደች አንዲት ቃል አለች፤ «እገሌ ገጠር ተጣለ» ትባላለች። ተጣለ! የሚጣለው ዕቃ ነው፤ የሚጣለው ጉድፍ ነው። ሕክምና የተማረ ሰው በሽተኛ ወዳለበት ሲሄድ እንዴት ሆኖ ነው ተጣለ የሚባለው? መጣልስ በሽተኛ ወደሌለበት መላክ ነበር።

እውነቱን እንነጋገር። አብዛኞቻችን ጤና ጣቢያን የምናየው እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ነው። ቢበዛ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ስፔሻሊቲ፣ ከዚያ ከተማ፣ ከቀናም ባሕር ማዶ። ድልድይ ላይ ደግሞ ቤት የሚሠራ የለም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። ደም ግፊትና ስኳር ዕድሜ ልክ ክትትል ይሻሉ። ነፍሰ ጡር ደጋግማ መታየት አለባት። ይህን ሁሉ የሚችለው ዛሬ ያየውን በሽተኛ ከርሞም የሚያገኝ፣ ማን መድኃኒቱን እንደሚያቋርጥና ለምን እንደሚያቋርጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ባለሙያው በየዓመቱ ሲለዋወጥ ካርዱ ይቀር ይሆናል፤ ትውውቁ ግን አብሮት ይሄዳል። ታዲያ ይህ ዕውቀት ከሆስፒታል ዕውቀት በምን ያንሳል?

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ የዓለም መንግሥታት ስለ መሠረታዊ የጤና እንክብካቤ በ1978 አልማ አታ ላይ ከመምከራቸው 24 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታርያኑን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። የጤና መኮንን ሥልጠናው በደርግ ዘመን ተቋርጦ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተጀመረ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ከየአካባቢያቸው መልምሎ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ። ከ30,000 በላይ ሆኑ። እነሱ በየጎጆው ሲዞሩ እኛ «ምሁራን» ምደባችንን እንደ ፍርድ ቤት ቅጣት እናያለን። አያሳፍርም?

ግን አንሞኝ። «ለሰፊው ሕዝብ ተሠዉ» እያሉ የሚሰብኩንም ከእኛ የባሱ እንጂ የተሻሉ አይደሉም። ስብከት ደም አያቆምም። የወላድን ደም መፍሰስ የሚከላከለው ኦክሲቶሲን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣው መብራት ይፈልጋል፤ ባለሙያውም እንጀራ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ነው። ይህን ጥያቄ «ሙያው ክቡር ነው» በሚል መልስ መዝጋት ሙያውን ማክበር አይደለም፤ ባለሙያውን መሸንገል ነው።

እንግዲህ እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያ የሚያልፉበት ብቻ ሳይሆን የሚያድጉበት ቦታ ይሁን። መንገዱ እንደሚቻል ታይቷል። በ2009 በተጀመረው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ጤና መኮንኖች ወላድን በቀዶ ሕክምና እስከ ማዋለድ ደርሰዋል። በ2013 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምናን በስፔሻሊቲ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። እነዚህ ጅምሮች ናቸው። መሰላል ግን ሁለት እርከን ብቻ ካለው መሰላል አይባልም።

ስለዚህ በጤና ጣቢያ የተሠራ ዓመት ለትምህርት ዕድል ውድድር ከከተማው ዓመት በላይ ይቆጠር። መምህራኖቻችን ወጥተው እዚያው ያስተምሩን፤ አውቶቡስ ሞልቶ ለጉብኝት ወስዶ መመለስ ትምህርት አይደለም። እዚያ የሚቆይ ሰው ደመወዙም ቤቱም ለመቆየት የሚያበቃ ይሁን። በወረቀት ላይማ ብዙ ተጽፏል፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እንጂ።

ከእኛ ደግሞ የሚጠበቅ አለ። ይህን ጥያቄ ተመርቀን፣ ለየብቻችን ተበትነን፣ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጅ ስንጠና አናነሣውም። ማንሣት ያለብን ዛሬ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበን ሳለን ነው። የሕክምናው ተማሪ ከነርሷ፣ ነርሷ ከጤና መኮንኑ፣ ጤና መኮንኑ ከአዋላጇ ጋር ይምከር፤ ጤና ጣቢያው የሁላችንም ነውና።