ከሰሌዳችን ላይ ያነሣነው ወረቀትና ምክንያቱ



ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ከእድሩ መዋጮ ዝርዝር አጠገብ፣ አንድ ባለቀለም ወረቀት ተለጥፎ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። «ድንገተኛ ጭንቀትን ያለ ሐኪም፣ ያለ መድኃኒት በ5 ደቂቃ እናቆማለን» ይላል። ፊትንና ደረትን በጣት መታ መታ በማድረግ ነው አሉ። የ3 ቀን ትምህርቱ ዋጋ 2,500 ብር ነው። ወረቀቱን አንሥተነዋል። «ምነው አነሣችሁት? ሰው ቢድን እናንተን ምን ከፋችሁ?» ብለው የጠየቁን አሉ። ምቀኝነት ነው ያሉንም አልጠፉም። ስለዚህ መልሳችንን በጽሑፍ እንሰጣለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ወረቀቱ 2 ሳምንት ሙሉ ተለጥፎ ሲቆይ ዝም ያልነው እኛው ነን። የመለጠፊያ 100 ብር ተቀብለን ደረሰኝ ቆርጠናል፤ ምን እንደሚል ግን አላነበብንም። ያነበብነው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

ጉዳቱ ይህ ነው። አንዲት የማኅበራችን እናት ድንገተኛ ጭንቀት፣ ፓኒክ አታክ የሚሉት፣ ይይዛቸው ነበር። በታክሲ ከካራ ቆሬ ወደ ጦር ኃይሎች ሲሄዱ በድንገት ልባቸው ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እጃቸው ይደነዝዛል፣ «አሁን መሞቴ ነው» ይላሉ። ሐኪም አይቷቸው ክኒን ጀምረው ተሽሏቸው ነበር። ይህን ወረቀት አንብበው ሄዱ፤ ከፈሉ፤ «ከእንግዲህ ክኒኑ አያስፈልግሽም» ተባሉ። አቋረጡት። ወር ሳይሞላ ፍርሃቱ ብሶ ተመለሰ። ዛሬ ታክሲ መሳፈር ትተዋል፤ ገበያ የሚሄዱላቸው ልጃቸው ናቸው። ተመልሰው ሲጠይቁም ያገኙት መልስ «በደንብ ስላልመታሽ ነው» የሚል ነው። እሳቸውም አምነው «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉን ነው እኛ የተቆጣነው። ገንዘቡን ከፍሎ፣ በሽታው ብሶበት፣ ጥፋተኛው ደግሞ በሽተኛው! ይህ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

እንግዲህ ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንወቅ። ሮጀር ካላሃን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ውኃ የምትፈራ አንዲት ታካሚ ነበረችው። ከዓይኗ በታች በጣቷ መታ መታ እንድታደርግ ነግሯት ፍርሃቷ ለቀቃት ይላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ፍርሃትን በ5 ደቂቃ ስለ መፈወስ መጽሐፍ አወጣ። ያ «5 ደቂቃ» ነው እንግዲህ አርባ ዓመት ተጉዞ እኛ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው። ከእሱ የተማረው ጋሪ ክሬግ፣ በሙያው መሐንዲስ የነበረ ሰው፣ በ1990ዎቹ አቃለለውና ለሁሉም በሽታ አንድ ዓይነት አመታት አወጣለት፦ የመዳፍ ጠርዝ፣ ቅንድብ፣ የዓይን ዳር፣ ከዓይን በታች፣ ከአፍንጫ በታች፣ አገጭ፣ ከአንገት አጥንት በታች፣ ብብት፣ አናት። ሐሳቡ ከጥንቱ የቻይና የመርፌ ሕክምና የተወሰደ ነው፤ በሰውነት ውስጥ በመሥመር የሚፈስ ኃይል አለ፣ መሥመሩ ሲታወክ ፍርሃት ይመጣል፣ ነጥቡን ሲመቱት ይስተካከላል ይላሉ። ይህን ኃይል በመሣሪያ ለክቶ ያሳየ ግን የለም።

ደግሞም ተፈትኗል። በ2003 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ካናዳ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት 119 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በ4 ከፈለ። አንደኛው ክፍል ትክክለኛ የተባሉትን ነጥቦች መታ። ሁለተኛው ክንዱ ላይ ያለ ቦታው መታ። ሦስተኛው የገዛ ሰውነቱን ትቶ አሻንጉሊት መታ። አራተኛው ምንም ሳይመታ በወረቀት መጫወቻ ሲሠራ ቆየ። ውጤቱ ምን ሆነ? የመቱት ሁሉ ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ አሻንጉሊት የመታውም ነጥቡን ከመታው እኩል ቀነሰለት። ያልመቱት አልቀነሰላቸውም። እንግዲህ ሥራውን የሠራው ነጥቡና መሥመሩ ከሆነ አሻንጉሊቱ በየት በኩል ኃይል አገኘ? የረዳቸው ሐሳባቸውን በእጃቸው ሥራ መያዛቸውና ተስፋ ማድረጋቸው ነው ብንል አንሳሳትም።

«ቢሆንም እኔን ይረዳኛል» የሚል ይኖራል። ይርዳዎ! ቀለል ያላቸው ሰዎች መኖራቸውን አንክድም። ጣትዎ የራስዎ ነው፣ ደረትዎም የራስዎ ነው፤ መታ መታ ቢያደርጉ የሚከለክልዎ የለም፣ የሚያስከፍልዎም ሊኖር አይገባም። እኛ የምንቃወመው ሦስት ነገር ነው፦ መሸጡን፣ «ያለ ሐኪም» ማለቱንና ክኒን ማስጣሉን።

ዋናውን ነገር እንናገር። ይህ ድንገተኛ ጭንቀት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ይበርዳል፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልፋል። ቢመቱትም ያልፋል፣ ባይመቱትም ያልፋል። እነዚያው እናት በቅርቡ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሲነሣባቸው ማንም አልመታቸውም፤ አንዲት ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሰዓት አይተናል፤ በ18ኛው ደቂቃ ውኃ ስጡኝ አሉ። የአንድ ቀን ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ የሐኪሞቹም ቃል ግን ይኸው ነው። ሰው «ያዳነኝ መምታቴ ነው» ብሎ ካመነ፣ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ የሚያልፍ መሆኑን መቼም አይማርም። ደንበኛው የንግግር ሕክምና ግን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የልብ ምቱ እንደማይገድል ማወቅ፣ የሸሹትን ታክሲ ቀስ በቀስ እንደገና መሳፈር።

ሌላም አደጋ አለ። ልብ የመታ ሁሉ ጭንቀት አይደለም። የልብ በሽታ፣ የእንቅርት በሽታ፣ የደም ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ አስም እንዲሁ ያስመስላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር አለበት። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሄደበት፣ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ቅንድቡን ሲመታ ጊዜ አያጥፋ፤ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ሰው ለምን እዚያ ሄደ? እኛ ስላባረርነው ነው። መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር፤ ስንቱን አድኗል። ከአጠና ተራ ሩቅ አይደለም። እኛ ግን ስሙን ስድብ አደረግነው። «አማኑኤል ታየ» ተብሎ የተወራበት ሰው ልጁን ለመዳር ይቸገራል፣ ቤት አከራይ ፊት ይነሣዋል። በዚህ ሰፈር ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረን አሽትተናል፣ «ልክፍት ነው» ብለን ዙሪያውን ከበን አየር ነሥተናል፣ ከዚያም ቡና ላይ አውርተናል። ገመናውን የሚደብቅለት ነጋዴ ቢመጣ ሰው ቢከፍል ምን ይደንቃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ያስደበቅነው ግን እኛ ነን።

የማንንም እምነት አንነካም። ጸበል የሚጠመቅም ዱዓ የሚያስደርግም ይቀጥል፤ ክኒኑን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጥ።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል፦

1ኛ/ ከእንግዲህ «እንፈውሳለን» የሚል ማናቸውም ማስታወቂያ በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም። የተቀበልነው 100 ብር ለእኒያ እናት የሕክምና መመላለሻ ይሆናል።

2ኛ/ ሐኪም ቤት ብቻዬን መሄድ ፈራሁ ለሚል ሰው አብሮ የሚሄድ አባል እንመድባለን። የማን ምን እንደ ሆነ አይወራም፤ ያወራ አባል በእድሩ ደንብ ይቀጣል።

3ኛ/ ሰው ሲይዘው ያየ አይክበበው። አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያልፋል፣ እኔ አለሁ» ይበለው፤ ቀስ ብሎ ረዘም አድርጎ እንዲያስወጣ አብሮት ይተንፍስ። ክብሪት አይጫር፣ ፌስታል አፉ ላይ አይደረግ፣ የሌላ ሰው ክኒን አይሰጠው።

4ኛ/ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ጫት ይተው፤ ቡናም ልብ ያስመታልና ከአቦል በኋላ «ይበቃኛል» ቢል አታስገድዱት።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ለዚያ ሁለተኛ ሰው 2,500 ብር አይከፈልም፤ ጎረቤት ነውና። እኒያን እናት በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ወደ ሐኪማቸው ይዘናቸው እንሄዳለን። በታክሲ ነው የምንሄደው። አብሮን መሄድ የሚፈልግ በ2 ሰዓት ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይገኝ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ኮልፌ ቀራንዮ