አራሚውና ተፈታኙ ዘመድ ሲሆኑ

እኛ ቆላ ያለን ሰዎች ስማችን ተነሥቶ የተጻፈ፣ እኛ ግን ያላነበብነው ጥናት ብዙ ነው። መተማና አብደራፊ ሲባል ሐኪም ቶሎ የሚመጣለት ካላዛር ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ግራር ሥር ያድራል፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባለዋ ትንሽ ዝንብ ትነድፈዋለች፣ ከወራት በኋላ ትኩሳት ይዞት ጣፊያው አብጦ ይመጣል። ድሮ መርፌው 30 ቀን ነበር። ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ወደ 17 ቀን የወረደው በታተመ ጥናት ነው። ስለዚህ «ጥናቱን ማን ገመገመው?» ማለት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የጥቅም ግጭት ሲባል ሁላችንም ገንዘብ እናስባለን። አለ እሱም። እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሪው ዌክፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ዘ ላንሴት ላይ 12 ሕፃናትን ይዞ ኩፍኝን ጨምሮ ሦስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት ከኦቲዝም ጋር አያያዘው። ክትባት አምራቾችን ሊከሱ ከተዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ መቀበሉን ግን አልተናገረም። ጽሑፉ የተሰረዘው በ2010 ነው። 12 ዓመት ሙሉ!

የኛ ጣጣ ግን በአብዛኛው ገንዘብ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ጆርናሎቻችን የዩኒቨርሲቲ ናቸው። አዘጋጁ እዚያው መምህር፣ ጸሐፊው እዚያው መምህር፣ ገምጋሚውም የድሮ አስተማሪው ሊሆን ይችላል። ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን ደግሞ ማሳተም ግድ ነው። ዛሬ ጽሑፉ የተገመገመበት ሰው ነገ የአዘጋጁን ዕድገት የሚያይ ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጣል። ሌቦች ናቸው እያልኩ አይደለም። ሜዳው ጠባብ ነው፤ ካላዛር ላይ የሚሠራ ሰው ስንት አለና!

እኔ ባለ ዲፕሎማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ ጆርናል ላይ አሳትሜ አላውቅም። ግን የወንድሜን ልጅ የፈተና ወረቀት ለሌላ መምህር እሰጣለሁ። እኔ አርሜው 90 ቢያመጣ ማን ያምነዋል? ሽምግልና ላይም እኮ «እኔ የእገሌ አማች ነኝ» ብሎ የሚነሣ ሰው ይከበራል እንጂ አይታማም።

ጽሑፎች መጨረሻ ላይ «የጥቅም ግጭት የለም» የምትል መስመር አለች። ጥሩ፣ ግን እሷ የጸሐፊዎቹ ናት። የአዘጋጁስ? ጸሐፊው የቤቱ ሰው ሲሆን ውሳኔውን ማን እንደሰጠ፣ ገምጋሚዎቹ ከየት እንደመጡ ቢጻፍ የሚወስደው ሁለት መስመር ነው።

ጎንደርና ባሕር ዳር ጆርናል ላይ የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ አዘጋጁ ራሱ ጽሑፍ ሲያስገባ እናንተ ጋ ውሳኔውን ማን ይሰጣል? የሰው ስም አትጥሩ፣ አሠራሩን ብቻ ንገሩኝ።