ጤናችን፦ ኩራዙን ቀድማ የምታጠፋው እናት

አንዲት እናት ማታ ከፊደል ትምህርት በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ ቀረች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ክንዷን አሳየችኝ። ነጣ ያለ ምልክት አለበት። በመርፌ ብትወጋው አይሰማትም።

«ባሌ እንዳያየው ስንተኛ ኩራዙን እኔ ቀድሜ አጠፋለሁ። ካየማ ይፈታኛል። ልጄንም ዘሯ ደዌ አለበት ብለው የሚያገባት ይጠፋል» አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሥጋ ደዌ ነው አሏት።

ሥጋ ደዌ በዘር አይወረስም። እርግማንም አይደለም። በዓይን የማይታይ ጀርም ያመጣዋል። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። እንደ ሕመሙ ዓይነት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይዋጣል፤ ይድናል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል። ከባሏ ጋር ብትተኛ፣ ብትወልድም ችግር የለውም። ጉዳቱ ሲደበቅ ነው። ነርቭ ይሞታል፤ ምጣድ እጅን ሲያቃጥል እንኳ አይታወቅም።

የእናታችን ፍርሃት ግን ከሜዳ አልመጣም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የትዳር ጓደኛው ሥጋ ደዌ እንዳለበት ሳያውቅ ያገባ ሰው ጋብቻውን ማስፈረስ ይችላል ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥጋ ደዌን በስም አያነሣም። ሰዉ ግን ገና ያነሣል።

ባልየው ለምርመራ ተጠራ። ሁለት ቀን ቀረ፤ በሦስተኛው መጣ። ምንም የለበትም። እስካሁን መደብ ላይ ለብቻው ይተኛል። እሷ ኩራዙን ማጥፋት ትታለች። የቀጠሮ ቀኗንም ከካርዱ ላይ ራሷ ታነባለች።