አውራ ጣት ለምን ከሪፈር ሰልፍ ወደ ኋላ ይቀራል?

እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ካገደች ወዲህ የስደተኞች የሕክምና በጀት በብዙ አገር ተመናምኗል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ራሱ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ወደ 3,500 የሚጠጉ የሥራ መደቦችን እንደሚያጥፍ አስታውቋል። ታዲያ መሐመድ ሞጌም ሆነ በሌሎች የሐርጌሳ ሠፈሮች የምንኖር ሁሉ ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ገንዘብ ሲያንስ ማን ይታከማል? ማንስ «ቆይ» ይባላል? ጥያቄውን ዛሬ በአንዲት ትንሽ የአካል ክፍል፣ በአውራ ጣት እንመልከተው።

በሽታው ምንድነው?

በአውራ ጣት ሥር፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ፣ ትራፔዚየም የሚባል ትንሽ አጥንት አለ። ጣቱ እንደ ልብ የሚዞረው በዚህ አጥንት ላይ ነው። በመሐል ያለው ልም አጥንት በዕድሜና በጫና ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ይህ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። እኛ «ቁርጥማት ነው፣ ሪህ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ሪህ ግን ሌላ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ሰዎች ኦስቲዮአርትራይተስ ነበረባቸው። በአውራ ጣት ሥር የሚወጣው በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶችን ያጠቃል።

ሕመሙ ሲቆይ ጣቱ ቅርጹን ይለውጣል። ሥሩ ወደ ውጭ ያብጣል፣ ጣቱ ወደ መዳፍ ይገባል፣ መሐለኛው መገጣጠሚያ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። ያኔ የጀሪካን ክዳን መክፈት፣ ልብስ መጭመቅ፣ ቁልፍ ማዞር ጭንቅ ነው። በሰው ቤት ልብስ አጥባ ለምታድር እናት ይህ እኮ ትንሽ ሕመም አይደለም፤ እንጀራዋ ነው።

ሕክምናውስ?

መጀመሪያ ወደ ቀዶ ሕክምና አይኬድም። ጣቱን የሚደግፍ ማሰሪያ፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ አንዳንዴም መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ መርፌ ይሞከራል። ለወራት ተሞክሮ ካልረዳ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። የታወቀው ዘዴ የተጎዳውን ትራፔዚየም ማውጣት ነው፤ ገርቪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፎበታል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሐኪሞች ከሕመምተኛው ክንድ የተወሰደ ጅማት ጠቅልለው በባዶው ቦታ ማስገባት ጀመሩ። አጥንቶቹን ማጣበቅ ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መትከልም አለ። መሐለኛው መገጣጠሚያ ክፉኛ ከተቀለበሰ እሱም አብሮ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ሥሩ ታክሞም ጣቱ እንደጎበጠ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለ። ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ አንዱ ዘዴ ከሌላው እንደሚበልጥ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ የሚተከል ዕቃ የማይፈልገው ቀላሉ ዘዴ ከውዱ ያንሳል ተብሎ አልተረጋገጠም። «ዕቃው ውድ ነው» የሚለው ብቻውን መልስ አይሆንም ማለት ነው። የሚከብደው የሠለጠነ ሐኪም ማግኘትና ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ነው። ጀሶው ወይም ማሰሪያው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ የእጅ ጉልበት ለመመለስ ደግሞ ወራት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀን ሠራተኛዋ ምን ትበላለች? ልጆቿስ?

የሪፈር ሚዛን

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የሪፈራል መመሪያ መሠረት ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ይቀድማል። ሌላው ከወጪውና ከመዳን ተስፋው አንጻር ይመዘናል። ሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል በር ላይ መኪና የገጨው ሰውና ጣቷ የጎበጠ እናት እኩል ቢደርሱ ማን እንደሚቀድም አያከራክርም። የሚያከራክረው «አይገድልም» የተባለ ሕመም ሁሉ ለዘለዓለም ሲቆይ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ያሰነከለውን እጅ ጅማት በማዛወር ሲያክም ኖሯል። በሽታው ሌላ ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ድሃ የሚያድረው በእጁ ስለሆነ እጁን ማዳን ቤቱን ማዳን ነው።

አንዳንዶች በቶጎ ውጫሌ ተሻግረው አዲስ አበባ ለመታከም ያስባሉ። የ1951 ስምምነት አንቀጽ 1 ሐ አንድ ስደተኛ በፈቃዱ ወደ አገሩ ጥበቃ ከተመለሰ ከለላው ሊቀር እንደሚችል ይናገራል። አጭር ጉዞ ብቻውን ከለላ ያስቀራል ማለት ባይሆንም ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ከመሄዳችሁ በፊት የሕግ ምክር ጠይቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ጣቱን ለውጌሻ እንዲጎትት አትስጡ፤ ያለቀ ልም አጥንት በመጎተት አይመለስም። ሁለተኛ፣ ራጅ ተነሱና ወረቀቱን አስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ሐኪሙ ፊት «ያመኛል» ብቻ አትበሉ። «ልብስ መጭመቅ ካቃተኝ ይህን ያህል ወር ሆነኝ፣ ማሰሪያም መድኃኒትም ሞክሬያለሁ» በሉና እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው የተጻፈው ነው። በጀት ሲያንስ ሰልፉ ይረዝማል፤ ፋይሉ ባዶ የሆነ ሰው ግን ሰልፉ ውስጥም የለም።